አንድ ጭብጥ እርሾ

በዚያ ቀን በጓዳው ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። የነበረ ሰው እንዳልረሳ፣ ያልነበረም እንዳልጨምር ብዬ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ነበሩ። የነፍስ አባታቸው ቄሱ ነበሩ፤ ዝናብ ካባቸውን አርሶት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ከድሬዳዋ እርሾ ሊወስድ የመጣው ሾፌር በሩ ላይ ቆሟል። ከእኔ ጋር ሊጥ የምታቦካው፣ ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ከሶፊ ገጠር የመጣች፣ የሶፊዋ ሴት ነበረች። እኔ ነበርኩ። ጀርባዬ ላይ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄ ነበረች፤ ተኝታለች። ሰባት ነበርን።

ከሰባታችን የሆነውን ነገር የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ እኔና የሶፊዋ ሴት። ሁለታችንም አልተናገርነውም። እሷ ያልተናገረችው ለምን እንደሆነ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። እኔ ያልተናገርኩት ለምን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው።

እትዬ ቦምቦሊኖ መጥበስ የተማሩት በጣሊያን ጊዜ፣ አንድ የጣሊያን ሹም ቤት ወጥ ቤት ሆነው ሲሠሩ ነው። "አገር ሊወስድ መጥቶ ቦምቦሊኖ ትቶልን ሄደ" እያሉ ይስቁ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ከሸዋ በር ውጭ ጠረጴዛ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ። ቀጥሎ ቤት ተከራዩ፣ የቡና ማሽን አስገቡ። እኔ ስቀጠር አራት ቤት ነበራቸው፤ ሐረር ሁለት፣ አለማያ አንድ፣ ድሬዳዋ አንድ። የአራቱም በር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሰው ግን በቀለሙ አይደለም የሚያውቃቸው። ጠዋት ከቢሮ በፊት ቡና በብርጭቆ፣ ቦምቦሊኖ በወረቀት ይዞ የሚቆመው ሰው ብዛት ያሳውቃቸዋል። በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ይደርስ ነበር።

እትዬ የቅርጽ ማውጫ ቆርቆሮ ጓዳቸው እንዲገባ አይፈቅዱም። "ቆርቆሮ ለጣሪያ ነው" ይላሉ። ሊጡ በእጅ ይድቦለቦላል፤ መሃሉ በአውራ ጣት ይበሳል፤ በጣት ላይ ዞሮ ዘይት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቦምቦሊኖው የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የእኔ ቀዳዳ ሰፊና ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። የሶፊዋ ሴት ቀዳዳ ጠባብና ዙሪያው እኩል ነው። አንዳንድ ደንበኛ አስተናጋጇን "ከዚያችኛዋ እጅ ምረጪልኝ" ይላት ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፣ ቅርም ይለኛል። ይህንንም ልጻፈው እንጂ፤ ቅናት አልነበረብኝም ብል ውሸት ነው።

የአራቱም ቤት እርሾ የሚወጣው ከእኛ ጓዳ ነው። እትዬ ሌሎቹ ቤቶች የራሳቸውን እርሾ እንዲያስነሱ አይፈልጉም። ድሬዳዋ የበላ ሰው ሐረር የበላ ይምሰለው ይላሉ። ስለዚህ ሾፌሩ በሦስት በሦስት ቀን እየመጣ በክዳን ባልዲ ይወስድና መንገዱን ለአለማያ፣ የቀረውን ለድሬዳዋ ያደርሳል። ማሰሮዎቹ ሁለት ናቸው። በነጭ ጨርቅ የሚሸፈነው የጾም ነው፤ ዱቄት፣ ውሃና ትንሽ ስኳር ብቻ። በባለ መስመር ጨርቅ የሚሸፈነው የፍስክ ነው፤ እንቁላልና ወተት ከገባበት ሊጥ የሚቀር። ረቡዕና ዓርብ ከነጩ፣ በሌላው ቀን ከባለ መስመሩ እናቦካለን። ረጅም ጾም ሲገባ ደግሞ በዋዜማው የፍስኩ ማሰሮ ይደፋል፣ ይታጠባል፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከዚህ የሚበልጥ ሕግ በዚያ ቤት አልነበረም። ሰው ሁሉ በእትዬ ቤት ጾም እንደማይገደፍ ያምን ነበር፤ ካህናቱ ሳይቀሩ።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ባሌ ወታደር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኦጋዴን ነው የሚኖረው፤ ሦስት ልጆች ይዤ ሐኪም ጋራ ሥር ተከራይቼ እኖራለሁ። ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ የምነካ፣ ልጅ ሲያስለኝ ሌሊቱን ትንፋሹን የምቆጥር ሰው ነኝ። እትዬ "አንቺ ልጅ፣ ጥላሽንም ቆልፈሽበት ነው የምትሄጂው" ይሉኝ ነበር። ለሥራው ግን ፍርሃቴ ደግ ነበር። ዱቄት ሁለት ጊዜ እነፋለሁ፤ እንቁላል ስሰብር ቅርፊት እንዳይገባ በጣቴ ዙሪያውን እፈትሻለሁ። ሁሉም ጠንቃቃ ይሉኛል።

የሶፊዋ ሴት ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ከባሏ ተፋትታ አንዲት ልጇን ይዛ ከተማ ገብታ፣ ጀጎል ውስጥ ኤረር በር አጠገብ ካንድ ግቢ አንዲት ክፍል ይዛ ትኖር ነበር። የመጣችው ለልጅቷ ብላ ነው። ልጅቷ ትምህርት ትወዳለች፤ በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍልን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ጨርሳ ነበር። የልጅቷ አጎት፣ የአባቷ ወንድም፣ ልጅቷን ለመዳር አስቦ ኖሯል። እናቷ ተከራክራ አንድ ነገር አስማምታዋለች። ከተማ ሥራ ይዛ እስከኖረች ድረስ ልጅቷ ትማራለች፤ ሥራ ፈትታ ሶፊ ከተመለሰች ግን ነገሩ የአጎት ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሊጥ እያቦካን፣ እየሳቀች። "ስለዚህ የልጆች እናት" አለችኝ፣ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ፣ "እኔ ይህን ሊጥ የማሸው ለሐረር ሰው ቁርስ እንዳይመስልሽ። ለአምስተኛ ክፍል ነው።"

የእኛን ጾም ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር። እኔ ቀን ሲምታታብኝ እሷን ነው የምጠይቃት። የሐምሌ መጨረሻ ቀን፣ የፍልሰታ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠብን ሳለ፦

"ነገ ፍልሰታ ነው። ዛሬ እንቁላል የነካ ዕቃ ሁሉ ይታጠባል" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ ትያለሽ። ባለፈው ረቡዕ ግን ወተቱን አንስተሽ የጾሙ ሊጥ ላይ ልትደፊው ነበር። አቦ! አንቺ ክርስቲያኗ፣ እኔ አስታዋሿ።"

"ይህን ያህል ካወቅሽ ለምን ተጠምቀሽ አታርፊም?"

"አንቺ ለምን ሸሃዳ ይዘሽ አታርፊም? በረመዳን ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የሚርብሽ።"

እውነቷን ነው። እሷ ጾማ ስትሠራ ፊቷ መብላት ስለማፍር እኔም ርቦኝ እውል ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ አብረን የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ይመስለኛል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሷ ቀድማ ወጣች። ለእኔ የቀረኝ ሥራ ሁለት ነበር፤ የፍስኩን ማሰሮ መድፋትና ለነገ የጾሙን ሊጥ መጣል። ልጄ ጥግ ላይ ከዱቄት ጆንያ አጠገብ ተኝታ ታስላለች። ያ ክረምት ብርዱ የጠና ነበር። የነጩን ማሰሮ ጨርቅ ገለጥኩት። እርሾው ሙት ነው። አንድ አረፋ የለበትም፤ እንደ ሙጫ ተኝቷል። ምድጃው አጠገብ አስጠጋሁት፣ ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩበት፣ ጠበቅሁ። ምንም የለም።

በማግስቱ ሾፌሩ በጠዋት ይመጣል። እትዬ የዚያን ዕለት ጠዋት "ፍልሰታ ነው፤ ሕፃን ሽማግሌው ከቅዳሴ ርቦት ይወጣል፤ ሊጡ እንቢ አለ የሚል ወሬ እንዳልሰማ" ብለው ነበር። ባለፈው ዓቢይ ጾም አንድ ቀን ሊጡ እንቢ ብሎኝ ቦምቦሊኖው እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት አልረሳሁትም። ልጄ አሳለች። አጠገቤ የፍስኩ ማሰሮ፣ ልደፋው የሚገባኝ፣ ጨርቁን ገፍቶ ወጥቶ ይፈላል።

እጄን ከተትኩና አንድ ጭብጥ አወጣሁ።

ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩትን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ጾሙ የሚገባው ነገ ነው፤ ዛሬ ገና ፍስክ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የገባ እርሾ የዛሬ ነው እንጂ የነገ አይደለም አልኩ። ይህን ዓይነት ክርክር ለሌላ ሰው ባወራው ይስቅብኛል። ለራሴ ሳወራው ግን ደህና መስሎ ታየኝ። ጭብጡን እንደ ልማዴ በጣቴ ፈተሽኩት፤ ቅርፊት አላገኘሁበትም። ነጩ ማሰሮ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩት። ልጄን አዘልኩና የፍስኩን ማሰሮ ሳልደፋ፣ በሩን ቆልፌ፣ ተመልሼ መቆለፉን ነክቼ ሄድኩ።

ጠዋት ስደርስ የሶፊዋ ሴት ቀድማኝ ገብታ ነበር። የነጩ ማሰሮ እርሾ እስከ አፉ ሞልቷል።

"ትናንት ሳየው ሰንፎ የነበረውን ማን መከረው?" አለችኝ።

"ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ሙቀቱ ነው።"

የፍስኩን ማሰሮ ከፍታ አየች። እኔ የጨበጥኩበት ቦታ ጎድጉዶ ነበር፤ የጣቶቼ መንገድ ሁሉ ይታያል። ወደ እኔ አየች። ከዚያ ማሰሮውን አንስታ ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች፤ ደፋችው፤ ሲታጠብ ሰማሁት። ተመልሳ ስትገባ ስለሌላ ነገር ነው የተናገረችው።

የዚያ ቀን ቦምቦሊኖ ከመቼውም ይበልጥ ጥሩ ነበር። ከቅዳሴ የወጣው ሰው እየተጋፋ ገዛ። እትዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሾፌሩ ባልዲውን ይዞ ሄደ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። እኔ በልቤ "ይኸው ምንም አልሆነም" እያልኩ አረፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እማሆይ መጡ። ቆርበው ነው የወጡት። ዝናቡ ስለያዛቸው እትዬ ወደ ጓዳ አስገቧቸው፤ ቄሱም ከዝናቡ ሸሽተው ገብተው ነበር። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የተገመሰ ቦምቦሊኖ አወጡ። ከቦምቦሊኖው ላይ ደግሞ በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር አንስተው ለእትዬ ዘረጉላቸው። ምስር የምታህል የእንቁላል ቅርፊት ናት።

"መጀመሪያ ጥርሴ ነው ብዬ ነበር" አሉ እማሆይ። "ኋላ ሳስበው ጥርስ የለኝም።"

ማንም አልሳቀም። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና ቅርፊቷን አዩዋት። ከዚያ ግማሹን ቦምቦሊኖ ተቀብለው አገላበጡት። ከቀዳዳው ግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ጠባብ፣ ዙሪያው እኩል። እትዬ ቀና አሉ።

"የእኔ እጅ ነው እትዬ" አለች የሶፊዋ ሴት፣ ሳይጠይቋት። "የበሳሁት እኔ ነኝ።"

"እንቁላል ከየት መጣ?"

"እኔ እንቁላል አላስገባሁም። ወላሂ አላስገባሁም።"

"እነሱ ምን ጾም አለባቸው" አለ ሾፌሩ ከበሩ ላይ። "ለሷ ፍልሰታ ምኗ ነው?"

"አንተ ዝም በል" አሉት ቄሱ። "ባልዲውን ተሸክመህ ድሬዳዋ ያደረስክ አንተ ነህ፤ ከመፍረድህ በፊት ስንት ሰው እንዳበላህ ቁጠር።" ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። "ይህን እርሾ ሌላ የነካው ሰው አለ?"

እትዬ ወደ እኔ አዩ። "አንቺስ?"

እዚህ ላይ ያልኩትን ቃል በቃል ልጻፈው። "የፍስኩን ማሰሮ ያጠበችው እሷ ናት" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ያጠበችው እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም፤ ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን "ዋሽቻለሁ" ብዬ እገላገል ነበር። የተናገርኩት እውነት ስለሆነ ግን ለረጅም ጊዜ መሸሸጊያ ሆነኝ።

እሷ ወደ እኔ አየች። ብዙ አላየችኝም፤ አንዴ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጀርባዬ፣ ወደተኛችው ልጄ ሄደ።

"በምን ዕቃ ነው ያጠብሽው?" አሏት እትዬ። "የፍስኩን በነካ እጅሽ ነጩን ነካሽ?"

"አልነካሁም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"የሠራው ያውቃል" አለች።

እትዬ ይህን መልስ እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ፊታቸው ተለወጠ። "ሽርጥሽን አውልቂ" አሏት። አወለቀችው፤ አጠፈችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በጓሮ በር መውጣት ትችል ነበር። እሷ ግን ደንበኛው በሞላበት በፊት በር ወጣች።

ቄሱ የቀረው ሊጥ ሁሉ እንዲደፋ አዘዙ፤ ማሰሮዎቹ ላይ ጸበል ረጩ። በአራቱም ቤት የበላው ሰው ሳያውቅ ስለበላ አይያዝበትም ብለው አጽናኑን። ቤቶቹ ሦስት ቀን ተዘጉ። ሾፌሩ ወሬውን ይዞ ሄደ፤ ወሬው ግን መኪናውን ቀድሞት ነበር። አለማያ ላይ "አንዲት እስላም ሆን ብላ ክርስቲያኑን አስገደፈች" ተብሎ ተወራ። ድሬዳዋ ሲደርስ እንቁላሉ ሥጋ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በሐረር ውስጥ ጓዳውን ለሷ የሚሰጥ ክርስቲያን አልተገኘም። የሙስሊሞቹም ሻይ ቤቶች ጠብ ፈርተው እምቢ አሏት፤ ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ኤረር በር ወደሚገኘው ክፍሏ ሄድኩ። ልነግራት አልነበረም፤ ታውቀዋለች። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። በሩ ክፍት ነው። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ደብተሮቿን በጋዜጣ ትሸፍናለች፤ የሚለጠፈው በሊጥ ነው፤ ከዱቄትና ከውሃ የተለወሰ። ስታየኝ ተነሥታ እጄን ሳመች።

"እናቴ፣ የሥራ ጓደኛሽ መጥተዋል!"

እናቷ ከውስጥ ወጣች። ስኳሩን አየችው፤ አልተቀበለችኝም።

"ግቢ አልልሽም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልጄ ፊት እንዳትናገሪ። ነይ ልሸኝሽ።"

የጀጎልን ግንብ ጥግ ይዘን እስከ ኤረር በር ድረስ ሄድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ የጠባቡ መንገድ ጎርፍ እግራችን ሥር ይወርዳል። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች። ስንደርስ ቆመች።

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ የጠየቅኳት፤ በሱም አፍራለሁ።

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ከዚያ ደግሞ አንቺንም እኔንም ያባርራሉ። ሁለት እናት ከምትባረር አንድ ትባረር አልኩ። አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር።"

"እናገራለሁ።"

"መቼ?"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ስሚኝ የልጆች እናት። ለእኔ ብለሽ አይደለም። እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥቤም እኖራለሁ። አጎቷ ሰምቷል፤ ሥራዬን መልቀቄን ሰምቷል። እስከ መስከረም ድረስ ታገሠኝ ብዬዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ንገሪያቸው። መልሰው ባያስገቡኝ እንኳ ስሜን ይመልሱልኝ፤ ሌላ ቦታ እገባበታለሁ። ኢንሻአላህ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"እሺ" አልኳት። ስኳሩን መልሼ ይዤ ሄድኩ።

አንድ ወር ያህል ነበረኝ። ይህን ነው ከሁሉ በላይ መጻፍ የሚከብደኝ። ያን ቀን በጓዳው የሆነው ድንጋጤ ነው ቢባል ይባላል፤ ይህ ግን ድንጋጤ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ስሄድ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። እትዬ ሲቆጡ አገኛቸዋለሁ፤ ዛሬ አይሆንም እላለሁ። ሲስቁ አገኛቸዋለሁ፤ ደስታቸውን አላጠፋም እላለሁ። ፍልሰታ ተፈታ። የልጄ ሳል ባሰ፤ ሐኪም ቤት አመላለስኳት፤ ባባረር ምን ይዤ አሳክማታለሁ አልኩ። እሷ ድና ስትሮጥ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ጳጉሜን ገባች። በዚህ መሃል እትዬ የሶፊዋን ሴት ሥራ ለእኔ ሰጡኝ፤ እርሾ የማካፈሉ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ፤ "ጠንቃቃ ነሽ" አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት ትልቁን ልጄን ላደርስ ስሄድ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ቆሜ የሴቶቹን ሰልፍ አየሁ። ልጅቷ የለችም። ምናልባት አሟት ይሆናል ብዬ በማግስቱም ሄድኩ። በዚያው ቀን ኤረር በር ሄጄ ክፍሏን አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ሌላ ሴት ናት። ከአዲስ ዓመት በፊት ለቅቀዋል አለችኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይህን ይዤ ቆየሁ። ቄሱ የእኔም ንስሐ አባት ናቸው፤ ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት። በመጨረሻ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፣ ጾም ሰጡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር እንዲልሽ እኔ እለምንልሻለሁ። እሷ ይቅር እንድትልሽ ግን እኔ ልለምንልሽ አልችልም። እግርሽ እስከሚወስድሽ ሂጂና አንቺ ለምኚ።"

ከዚያ ለእትዬ ነገርኳቸው። የሚፈላ ወተት እያማሰሉ ነበር፤ ማማሰላቸውን አላቆሙም።

"ያን ጊዜ ብትነግሪኝ አንቺን አባርር ነበር" አሉኝ። "አሁን ማንን ላባርር? ሰው ረስቶታል። ቤቱ ተመልሶ ቆሟል። እንደገና ቆስቁሼ ልናገረው?"

"ስሟን ቢመልሱላት ብዬ ነው እትዬ።"

"ለማን ብዬ ነው የምመልሰው? የት አለች?" ወተቱን ከእሳት አወረዱ። "ሂጂ ፈልጊያት። ከመጣች ጓዳዬ የሷ ነው በያት። የሷ እጅ ከጠፋ ወዲህ ቦምቦሊኖው ቦምቦሊኖ አልሆነልኝም።"

ሶፊ ሄድኩ። ከገበያ በሚመለስ መኪና ደርሼ ስወርድ ጫማዬን በእጄ ይዤ ጭቃውን ተሻገርኩ። አጎትየውን አገኘሁት፤ የጫት ማሳው ውስጥ ነበር። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር የሄድኩት፤ ውሃ አጠጣኝ፣ ጥላ ላይ አስቀመጠኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"እኛም ከተማ ላይ ሃይማኖት ሰዳቢ ተብላ መጣች ብለን አፈርንባት" አለኝ። "አምስት ቀን ነው እዚህ የቆየችው። ስለልጅቷ ጋብቻ ነገር በጀመርኩ በማግስቱ ልጅቷን ይዛ ሄደች። ጅጅጋ መኪና ላይ ያያት ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።"

"ልጅቷ ደብተሮቿን ይዛ ነበር?" አልኩት። ለምን ይህን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ሌላ ምን ዕቃ ነበራቸው?" አለኝ።

ጅጅጋም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ባሌ እዚያ ሲዛወር፣ አንዴ ለብቻዬ። ሻይ ቤት ሻይ ቤቱን፣ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤቱን ጠየቅሁ። አንድ ሻይ ቤት ቦምቦሊኖ የምትጠብስ የሐረር ሴት ነበረች፣ ሄዳለች አሉኝ፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም። ከድንበር ማዶ ነው ያለኝም አለ፤ ተመልሳ ድሬዳዋ ነው ያለኝም አለ። ድሬዳዋንም ጠይቄያለሁ።

ልጆቼ አድገዋል። ጀርባዬ ላይ ተኝታ የነበረችው ተምራ ደመወዝተኛ ሆናለች። ይህን እንደምጽፍ ስትሰማ "እማዬ፣ የቆየ ነገር ነው፤ አንድ ጭብጥ ሊጥ ነው" አለችኝ። እሷ ያን ቀን ተኝታ ስለነበር ነው። እኔ የምጽፈው ሊጡን አይደለም። ከፍልሰታ እስከ መስከረም የነበረውን ወር ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በጅጅጋም፣ በድሬዳዋም፣ ከድንበር ማዶም ያላችሁ፣ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ሴትዮዋ ቁመቷ መካከለኛ ነው፤ በግራ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የሚደርስ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ አለባት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። አማርኛና ኦሮምኛ ትናገራለች። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሴት ናት። ያያችኋቸው ወይም የሰማችሁ ካላችሁ፣ እናትየዋ በሕይወት እንዳለች፣ ልጅቷም አምስተኛ ክፍል ገብታ እንደሆነ ንገሩኝ።